የሽማግሌው ጃኬት

ለአዲስ አበባ የሚሆን የቆዳ ጃኬት መምረጥ እንደሚመስላችሁ ቀላል አይደለም። ከተማዋ ጠዋት ጥርስ ታንቀጫቅጫለች፣ እኩለ ቀን ላይ አናት ትበሳለች፣ ከሰዓት ደግሞ ሳይታሰብ ዝናቧን ታወርደዋለች። ታዲያ ጃኬቱ የሚገዛው ለየትኛዋ ነው?

ይህን ለማወቅ ከኦሎምፒያ እስከ ስታዲየም ያልዳበስኩት ጃኬት የለም። የበግ ቆዳ ልስልስና ቀላል ነው፤ ዝናብ ሲነካው ግን ያኮርፋል። የፍየሉ ጠንከር ይላል፣ ደግሞም አይከብድም፤ እውነቱን ለመናገር ለዚች ከተማ የሚስማማው እሱ ነበር። የበሬው ነፋስም ካፊያም አይበግረውም፤ ችግሩ ትለብሱታላችሁ ወይስ ትሸከሙታላችሁ የሚለው ነው። ባለቤቴ የፍየሉን አለች። ቄራ ሥጋ ቤት ያለው ወንድሟ ግን ከበሬ ወዲያ ቆዳ የለም ብሎ ማለ። እሱን ሰማሁ። ጃኬቱን የፈለግሁት ለሽምግልና ነበርና፣ ሽማግሌ ደግሞ ከበድ ሲል ያምርበታል።

የእህቴ ልጅ አንዲት የካዛንቺስ ልጅ ወዷል። አባቷ አቶ በላቸው አንድ ጊዜ "ከዘመድ ልምከር" ብለው መልሰውናል። ልጁ ከዚያ ወዲህ እህል አልወረደለትም። በሁለተኛው ቀጠሮ፣ አንድ የሚያዝያ እሑድ ቀትር ላይ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ሆነን ሄድን፤ ተናጋሪው እኔ ነኝ።

እንደ ደንቡ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም ብለን ቆምን። የቀትሩ ፀሐይ በሳሎናቸው ቆርቆሮ ጣሪያ አልፎ ወርዶብናል። እሺ ሳይባል ጃኬት ማውለቅ ደግሞ ቤተኛ ነኝ እንደማለት ነው። ልጁ ጨዋ ነው ስል ግንባሬ አላበው፤ ሠራተኛ ነው ስል አፍንጫዬ ላይ ወረደ፤ አይጠጣም ስል ከአገጬ መንጠባጠብ ጀመረ።

አቶ በላቸው ትክ ብለው አዩኝ። "ስለ ልጁ ሲናገሩ ለምንድን ነው የሚያልብዎት? የደበቃችሁን ነገር አለ?"

ጓደኞቼ መሬት መሬት አዩ። የእህቴ ልጅ ትዳር በእኔ ላብ ሊታጠብ ነው ብዬ በጣም ደነገጥኩ።

"ጃኬቱ ነው" አልኩ። "የበሬ ቆዳ ነው።"

አቶ በላቸው ተነሡና እጅጌውን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ በገዛ እጃቸው አውልቀውልኝ ከበሩ ኋላ ሰቀሉት።

"ለእህቱ ልጅ ብሎ እንዲህ የሚቀቀል ዘመድ ካለው፣ ልጁም ክፉ አይሆንም" አሉ። እሺ አሉን።

በደስታ እየተሳሳቅን ኦሎምፒያ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። ያን ጊዜ ነው ጃኬቴ ትዝ ያለኝ። ልመለስ ብል ጓደኞቼ እጄን ይዘው አስቀሩኝ፤ እሺ ያለ አባት በሩ ሲንኳኳ ሐሳቡን ቢቀይርስ? ጃኬቱ ከጥሎሹ ተቆጠረ በቃ።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። አቶ በላቸው በዚያ ሁሉ ፀሐይ ጃኬቴን ከከረባታቸው በላይ ደርበውታል። ሙሽራዋ ወጥታ መኪናው ውስጥ ስትገባ ጠጋ ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው እስከ አገጫቸው ርሷል። ሶፍት ሰጠኋቸው።

"ጃኬቱ ነው" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከመኪናው ሳያነሡ።

"የበሬ ቆዳ እንዲህ ነው" አልኳቸው። እንዲያወልቁት ግን አልነገርኳቸውም።