ዳሌዬ ውስጥ ያለው ማን ነው?

ሰው ሲታመም ይታዘንለታል፣ ሲሞት ይለቀስለታል፤ ድኖ ሲመለስ ግን ይጠረጠራል። ይህን የምለው በራሴ ደርሶብኝ ነው። አልጋ ላይ ሳለሁ ከልባቸው "እግዜር ይማርህ" ያሉኝ ሰዎች፣ ቆሜ መራመድ ስጀምር ዓይናቸውን ከወገቤ በታች ተክለው ቀሩ። ለመሆኑ ድኖ የተመለሰው እኔ ነኝ ወይስ ሌላ ሰው? እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል ብላችሁ ታስባላችሁ? ላሊበላ ከተማ፣ እኔው ቤት ተጠየቀ።

የወደቅሁት በጥቅምት ነው። ይምርሐነ ክርስቶስን ተሳልሜ ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ እግሬ ከዳኝና በቀኝ ጎኔ ተዘረርኩ። ዕድሜ ልኬን ጂኦግራፊ ሳስተምር ስለ ተዳፋት መሬት ያልተናገርኩት የለም፤ ተዳፋቱ ግን ለካ አንድም ቀን አልሰማኝም። አዲስ አበባ ተወስጄ የተሰበረው የዳሌ አጥንቴ ወጣና በምትኩ ሌላ ገባልኝ። ሐኪሙ ሲሸኙኝ ዝቅ ያለ ነገር ላይ እንዳልቀመጥ፣ እግሬን እንዳላነባብር፣ ጎንበስ እንዳልል፣ ስተኛም በጭኖቼ መሃል ትራስ እንዳደርግ አጥብቀው አስጠነቀቁኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ዝቅ ሳይሉና ጎንበስ ሳይሉ ላስታ ውስጥ እንዴት ይኖራል? መቀመጫችን በርጩማ፣ አክብሮታችን እጅ መንሣት፣ ጸሎታችን ስግደት ነው። በሕክምና ትእዛዝ አገር ያወቀኝ ኩራተኛ ሆንኩ። እኔ ከፍ ካለች ወንበር ላይ እሰየማለሁ፣ ጠያቂው ሁሉ ከጉልበቴ ሥር ይቀመጣል። የነፍስ አባታችን ሲመጡማ ክራንቼን ፈልጌ፣ ጠረጴዛውን ተደግፌ፣ አቃስቼ እስክነሣ ድረስ እሳቸው ባርከው፣ ተቀምጠው፣ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀምረዋል።

ይህን ሁሉ የቻልኩት አንድ ነገር በጉጉት ስለምጠብቅ ነው። ከመውደቄ ጥቂት ቀደም ብሎ እኔና ባለቤቴ ይመኙሻል ለፋሲካ አብረን ልንቆርብ ቆርጠን ነበር። ለማያውቅ ልንገረው፤ ባልና ሚስት አብረው ከቆረቡ በኋላ መፋታት የሚባል ነገር የለም፣ ያለቀለት ነው። እኔ ይህን ስለምናት ዓመታት አልፈዋል። ልጆች ወልደን፣ አሳድገን፣ ድረን ስናበቃም መልሷ "እስቲ እናስብበት" ነበር። ምን የሚታሰብ ነገር ቀርቷት ነው እያልኩ ስጠረጥር ኖሬ በመጨረሻ እሺ አለች። እወዳታለሁ፤ እንዲህ ዓይነቱን ነገር በእኛ አገር አፍ አውጥቶ መናገር ስለማይለመድ፣ ቁርባኑ ይናገርልኝ ብዬ ነበር።

ታዲያ በዚህ መሃል አያ ደሴ ሊጠይቁኝ መጡ። አያ ደሴ የሰፈራችን ወጌሻ ናቸው። እሳቸውን ሳላማክር አዲስ አበባ መሄዴ ቅር እንዳሰኛቸው ከአቀማመጣቸው ያስታውቃል። ምን አስገቡልህ አሉኝ። ብረት አልኳቸው። አያ ደሴ የብዙ ሰው ክንድና ቁርጭምጭሚት ያለፈበትን እጃቸውን አገላብጠው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሥጋ ብረት አይቀበልም፤ እሾህ እንኳ ሲገባበት መግል ይዞ ይገፋዋል፤ አጥንትም ያለ አጥንት አይገጥምም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የሰው ነው ያስገቡልህ። እንዳትደነግጥ ብለው ደብቀውህ ነው" አሉኝና የቀረበላቸውን ጠላ ጨልጠው ወጡ።

እኔ ሳቅሁ። ይመኙሻል ግን አልሳቀችም። ጎንበስ ማለት ስለተከለከልኩ ጫማዬን የምታስርልኝ እሷ ናት። ከዚያን ቀን ወዲህ የግራውን እንደ ድሮዋ ቀስ ብላ ታስርና፣ የቀኙ ላይ ስትደርስ የማታውቀው ሰው እግር ላይ እጇን እንዳሳረፈች ሁሉ ትቸኩላለች። ምን ሆነሻል ስላት ምንም ትላለች። የሴት ልጅ "ምንም" ምን ማለት እንደሆነ ያገባ ሁሉ ያውቃል። ደጋግሜ ስነዘንዛት ነው በመጨረሻ የተነፈሰችው።

"አጥንቱ የሰው ከሆነ፣ እኔ የምቆርበው ከስንት ሰው ጋር ነው?" አለችኝ።

ይህን ጥያቄ የትኛው ጉባኤ ይመልሰዋል? ሰውየው ክርስቲያን ነበር? ሚስት ነበረችው? ደግሞስ ወንድ ለመሆኑ ማን ዋስ ይሆናል? እኔ የአንድ ሴት ባል ሆኜ ለመሞት ስደክም፣ ዳሌዬ ውስጥ ሳላውቅ ደባል አስገብቼ ተገኘሁ።

ማስረጃ አለኝ ብዬ ራጄን አወጣሁ። መስኮቱ ላይ ዘርግቼ፣ ይኸው አንቺው ተመልከቺ፣ ብረቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል አልኳት። አየችው። ከሌላው አጥንቴ ሁሉ ይልቅ እሱ ነጭ ሆኖ ያበራል። ብረት ነጭ ሆኖ የት ታውቃለህ፣ ነጭ አጥንት ነው፣ እንዲያውም ካንተው የጠራ የጨዋ ልጅ አጥንት ነው አለችኝ። ሆስፒታሉ ስልክ ደወልኩ። ያነሣችው ነርስ ታይታኒየም የሚባል ብረት መሆኑን ነገረችኝና ሳቀች። ይመኙሻል ከጎኔ ሆና የያዘችው ታይታኒየሙን ሳይሆን ሳቁን ነው። ምን ያስቃታል ታዲያ አለች።

አያ ደሴ እንደገና ሲመጡ ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ይዘው ነበር። ብረት ከሆነ ይስበዋል፣ ካልሆነም ይለይለታል አሉ። ማግኔቱ ማንኪያውን አነሣ፣ ማጭዱ ላይ ተለጠፈ፣ የቀበቶዬን ዘለበት ሊነቅለው ደረሰ። ቀበቶዬን አውልቄ ዳሌዬ ላይ ባደረጉት ጊዜ ግን ምንም። ግራ ቀኝ አዟዟሩት፣ ምንም። ሲለቁት ተንሸራቶ ወንበሩ ላይ ወደቀ። አያ ደሴ ማግኔታቸውን አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ። እኔም ብረት ሁሉ በማግኔት አይሳብም ብዬ ጀመርኩና፣ ለምን እንደማይሳብ ስጠየቅ ተራራና ወንዝ እንጂ ሌላ አለማስተማሬ ትዝ አለኝ። እውነቱን ልናገርና ያን ቀን ስተኛ ትራሱን በጭኖቼ መሃል ሳደርግ፣ ቀኝ ጎኔን ሰውየው እንዳይነቃ በሚመስል ጥንቃቄ ነበር ያስተኛሁት።

የነፍስ አባታችንን ጠየቅናቸው። እሳቸውም ብረት ከሆነ ነውር የለበትም፣ ነገር ግን ጥርጥር ተይዞ አይቆረብምና ጥርጥሩ ይጥራ አሉ። ይመኙሻል እጅ ነሥታ ተቀበለች። ፈጥና መቀበሏ ግን እኔን ሌላ ጥርጣሬ ውስጥ ጣለኝ። ይቺ ሴት እውነት የፈራችው አጥንቱን ነው ወይስ ማምለጫ አግኝታለች? "እስቲ እናስብበት" እኮ በሌላ በር ተመልሶ መምጣቱ ነው። እሷ ዳሌዬን በዓይኗ ትፈትሻለች፣ እኔ ፊቷን እፈትሻለሁ። አንድ ገበታ ላይ ቀርበን እንደ ሁለት መርማሪ ስንተያይ ሰነበትን፤ ከስብራቱ ይልቅ ያመመኝም ይኸው ነው።

በጥር የጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ሆነና ተያይዘን ሄድን። ድግሱ ሆቴል ውስጥ ስለነበር በሩ ላይ ይፈተሻል። ጥበቃው ወጣት ነው፤ በእጁ የያዛትን የብረት መፈተሻ ትከሻዬ ላይ አሳለፈ፣ ደረቴ ላይ አሳለፈ፣ ቀኝ ዳሌዬ ላይ ሲደርስ መሣሪያዋ ጮኸች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። በዚህ ዘመን በእኛ ከተማ ወገቡ አካባቢ የሚጮህ ሰው እንደማይወደድ ታውቃላችሁ። ቀበቶዬን አስፈታኝ፣ ኪሴን አስገለበጠኝ፣ መልሶ አሳለፈ። ጮኸች።

"ምንድን ነው የያዙት አባቴ?" አለኝ ፊቱን አጥቁሮ።

መልስ ሳላወጣ ከኋላዬ ይመኙሻል እልልታዋን ለቀቀችው። በሩ ላይ ተሰልፈው የቆሙት ሠርገኞች ሙሽሮቹ የደረሱ መስሏቸው ተቀበሏት። አንዱ ጡሩምባ ነፋ። እሷ ግን ጥበቃውን ክንዱን ይዛ፣ እስቲ የግራውን፣ እስቲ ደግሞ የቀኙን እያለች አስፈተሸችኝ። ግራው ዝም፣ ቀኙ ጩኸት። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ "ብቻውን ነው ልጄ፣ ማንም የለም አብሮት" አለችው። ይህን ሲሰማ ልጁ ባልደረቦቹን ጠራ። ብቻውን ነው ከተባለ ሌላ የሚጠበቅ ሰው ነበረ ማለት ነው ብሎ መጠርጠሩ ይፈረድበታል? እሷንም ፈተሿት። የሐኪሜን ማስረጃ አሳይተን እስክንገባ ሙሽሮቹ ቀድመውን ገብተው ክትፎውም አልቆ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ደግፋኝ ቀስ ብለን ነው የሄድነው። ደስ ብሎኛል። ደስ ብሏታልም ብዬ አምኛለሁ። በራችን ላይ ስንደርስ ግን ቆም አለችና በረጅሙ ተነፈሰች።

"እንግዲህ ምክንያት አጣሁ" አለችኝ።

ከዚያ ሳቀች። ለፋሲካ ቆረብን፤ አብሬያት ስቆም አለቀስኩም። ያ ሳቅ ግን ቀልድ ይሁን የምር ይሁን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም፤ የምር ነው ብትለኝስ አሁን ምን አደርጋለሁ?