ኮርስ የወሰዱት ሥራ አስኪያጃችን

በዚህ ዓለም ላይ የሚያስፈራው የታጠቀ ወንበዴ አይደለም፤ ኮርስ ወስዶ የተመለሰ ሥራ አስኪያጅ ነው። ወንበዴው ቢበዛ ያለህን ቀምቶህ ይሄዳል። ኮርስ የወሰደው ግን በማግስቱም ይመጣል፤ ጥቁር ሰሌዳ ይሰቅላል፣ ጠመኔ ያነሳና "ዓላማህ ምንድን ነው?" ይልሃል። ዓላማዬ ምሳ ነበር አትለው ነገር።

እናንተም መሥሪያ ቤት አንድ አይጠፋም። የኛው ክቡር አቶ ወልደ አማኑኤል ይባላሉ።

ኮልፌ፣ በሀጂ ረሻድ የብረት አልጋ ፋብሪካ፣ እሳቸው ሥራ አስኪያጅ፣ እኔ ደግሞ ጸሐፊያቸው ነበርኩ። ፋብሪካ የምንለው አንድ ሰፊ ግቢ፣ ሁለት የቆርቆሮ አዳራሽ፣ ሃያ ሠራተኛና አንድ ውሻ ነው። አቶ ወልደ አማኑኤል ለሹመት የበቁት በድምፃቸው ነው። የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሳሉ አንድ ቀን ሲቆጡ ሀጂ አየር ጤና ሆነው ሰሟቸውና "ይሄ ሰው ሠራተኛ ይመራል" አሉ ይባላል። ስድስት ዓመት በዚያው ድምፅ መሩን። ቱቦ ጠመመ፣ ይጮሃሉ። ቀለም ቀጠነ፣ ይጮሃሉ። ዝናብ ዘነበ፣ ወደ ሰማይ ቀና ብለው ይጮሃሉ።

በ1960 ዓ.ም. አራት ጎበዝ ሠራተኞች በአንድ ክረምት ጥለውን ሄዱ። ሀጂ ደንግጠው አንድ ወዳጃቸውን ቢያማክሩ "ሠራተኛ መቀያየሩን ተውና አለቃቸውን አስተምር" አላቸው። "ፀጉሩ የሸበተ ሰው ከእንግዲህ ምን ይማራል?" እያሉ ሲያቅማሙ ቆይተው፣ በመጨረሻ ሦስት ወር የሥራ አመራር ኮርስ ላኳቸው። በነዚያ ሦስት ወራት ሥራው ባይቃናም ጆሯችን አርፏል።

ሲመለሱ ክራቫት አስረው፣ ቡናማ ደብተር በብብታቸው ይዘው ነው። የሚያስደነግጠው ግን ሌላ ነው፤ አይጮሁም። አንድ በያጅ አልጋ እግሩ ላይ ጥሎ ሲያነክስ አየነውና ሁላችንም ትከሻችንን ሰብስበን ጩኸቱን ጠበቅን። እሳቸው ደብተራቸውን ገልጠው በለሆሳስ "ምክንያቱን እንመርምር" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልተመረመረ ነገር የለም። ሻይ ዘገየ፣ ምክንያቱን እንመርምር። ውሻው ጮኸ፣ ምክንያቱን እንመርምር።

ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ደግሞ "የድርጅቱ መዋቅር" የሚባል ትልቅ ሥዕል ሰቀሉ። ሁላችንም በየሳጥናችን ተቀምጠናል። ዘበኛችን ጋሽ ወዬሳ ከሁሉም በታች ናቸው። ቀርበው አዩት፣ አዩት፣ አዩትና፦

"ከኔ በታች ማን ነው?" አሉ።

"ማንም የለም፣ ጋሽ ወዬሳ።"

"ውሻውስ?"

ድሮ ቢሆን ግቢው ይናወጥ ነበር። ክቡርነታቸው ግን አገጫቸውን ይዘው ጥቂት አሰቡና "ተገቢ አስተያየት ነው" ብለው አንድ ሳጥን ጨመሩ። እኛ ሳቃችንን ለመደበቅ አዳራሹ ኋላ ሮጥን። እውነቱን ለመናገር ያን ሰሞን ከሁሉም በላይ የሳቅሁባቸው እኔ ነኝ። አነጋገራቸውን እያስመሰልኩ ምሳ ሰዓት ላይ ሠራተኛውን አስቅ ነበር።

ጥር ላይ ግን ሳቁ ቆመ። ለአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ከላክናቸው ሰማንያ አልጋዎች አሥራ አንዱ ብየዳቸው ለቆ ተመለሱ። አንድ ተማሪ ከነአልጋው ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል። አሥራ አንዱንም የበየዳቸው ደበላ ነው፤ ከሁሉም የቆየውና ዝምተኛው በያጃችን። ሀጂ መጥተው በጣታቸው እያመለከቱ "ይሄ ሰው እስከ ዓርብ ከግቢዬ ይውጣ" አሉ።

አቶ ወልደ አማኑኤል "እስከ ዓርብ ልመርምር" አሉ። ሀጂ ትዕግሥታቸው አልቆ ጥለዋቸው ወጡ።

ሥራ አስኪያጃችን በርጩማ ይዘው ሁለት ቀን ሙሉ ደበላ አጠገብ ተቀመጡ። አይናገሩም፣ ብቻ ያያሉ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጠሩኝና "መኳንንት፣ እጁን ተመልከት" አሉኝ። ደበላ ከመበየዱ በፊት መገጣጠሚያውን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ይፈልጋል፣ እንደ ዓይነ ስውር። የሚበይደው መስመሩን ስቶ ነው።

"ደበላ፣ እዚያ አልጋ ላይ የተጻፈው ቁጥር ስንት ነው?"

ደበላ የመበየጃ ቶርቹን አስቀመጠ። "ስምንት" አለ። አልጋው ላይ ምንም ቁጥር አልነበረም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ዓመት አለፈው ጋሼ። ዓይኔን ሲቆጠቁጠኝ ወተት እጨምርበታለሁ። የመነጽሬ መስተዋት ተሰንጥቋል፣ ብልጭታው ይገባል።" የሚያደርገውን መነጽር አሳያቸው፤ አንደኛው ዓይን በፕላስተር ተለጣጥፏል።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ነግሬዎት ነበር። በጽሑፍ አምጣ አሉኝ። አጽፌ አመጣሁ።"

አቶ ወልደ አማኑኤል ወደ እኔ ዞሩ። "ፋይሉን አምጣ" ከማለታቸው በፊት የት እንዳለ አውቄው ነበር። የደበላ ማመልከቻ፣ ከሥሩ ደግሞ መልሱ፦ "አሮጌው ሳያልቅ አዲስ መጠየቅ ክልክል ነው።" ፊርማው የሳቸው፣ ጽሕፈቱ የኔ። ስጽፈው ምን እንደተሰማኝ ላስታውስ ሞከርኩ፤ ምንም አልተሰማኝም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሀጂ መጡ። ሠራተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። አቶ ወልደ አማኑኤል የክልከላውን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ስማቸውና ማዕረጋቸው ሳይቀር፣ ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ ወረቀቱን አጠፉና "ያልጋዎቹን ብየዳ ያበላሸው ደበላ አይደለም፣ እኔ ነኝ" አሉ።

ሀጂ ወደሳቸው ቀረቡ።

"እና አንተን ላባርርህ?"

"እሱ በእጅዎ ነው። ደበላን ግን አላባርርም። ሂድ የሚል ደብዳቤ ላይ አልፈርምም።"

ሀጂ መቁጠሪያቸውን ጥቂት አንከባለሉና "መጀመሪያ ሰውየውን ሐኪም ቤት ውሰደው፣ ሌላውን ኋላ እናወራለን" አሉ። ኋላ ሳያወሩት ቀሩ።

ክቡርነታቸው ቢሮ ገብተው በሩን ሲዘጉ ተከትያቸው ገባሁ። ወንበራቸው ላይ ወድቀዋል። "ምክንያቱ ራስህ ሆነህ ስትገኝ ምን እንደሚደረግ" አሉኝ ክራቫታቸውን እየፈቱ፣ "ኮርሱ ላይ አልነገሩንም።" እኔም "ጽሕፈቱ የኔ ነው" አልኳቸው።

ለበያጆቹ ሁሉ በዚያው ቀን አዲስ መነጽር ተገዛ። ቀለም የምትቀባው ወይዘሮ ዙቤዳ ደግሞ እሷ ፈትሻ ያላሳለፈችው አልጋ ከግቢ እንዳይወጣ ሥልጣን ተሰጣት። የመጀመሪያ ቀን ስድስት መለሰች። ሀጂም ራሳቸው ቢለምኗት ሁለት አሳለፈችላቸው፤ አራቱን እምቢ አለች።

የደበላ አንድ ዓይን ዳነ፣ ሌላው ደካማ ሆኖ ቀረ። ዳግመኛ አልበየደም፤ አዲስ ገቢዎችን ብየዳ የሚያስተምር እሱ ሆነ። ነገር ግን እኔ ከሁሉም የማልረሳው ከሐኪም ቤት የተመለስንበትን ቀን ነው። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። የደበላ ሁለቱም ዓይኖች በነጭ ፋሻ ታስረዋል፤ አቶ ወልደ አማኑኤል ክንዱን ጥርቅም አድርገው ይዘውታል። ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ የተሳፈሩ አንዲት ባልቴት አዘኑና፦

"ምን ሆኖ ነው ልጄ?" ብለው ጠየቁ።

አቶ ወልደ አማኑኤል "ሥራ ላይ ተጎድቶ ነው" ቢሉ ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን ቀና ብለው "መነጽር ጠይቆኝ ከልክዬው ነው፣ እናቴ" አሏቸው። አውቶቡሱ በሙሉ ዞሮ አያቸው።

ደበላ ከፋሻው ሥር አንገቱን አቀርቅሮ "ኧረ ይተዉ ጋሼ፣" አለ፣ "ሰው ፊት!"