ሰፊ አስተያየት ሰጥተዋል

የዕድር ይሁን የወላጆች፣ የቀበሌ ይሁን የሰበካ ጉባኤ፣ ስብሰባ በተቀመጠበት ሁሉ አንድ ሰው አይጠፋም። ሰብሳቢው «እንግዲህ ሌላ ሐሳብ ከሌለ…» ብሎ ወረቀቱን ሲሰበስብ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ፣ ከኋላ የተቀመጠው አንድ እግሩን ወደ በር ሲልክ፣ ከመሀል አንድ እጅ ይነሣል። ይህ እጅ አይሞትም። መንግሥት ይለወጣል፣ ሰብሳቢ ይሻራል፣ አዳራሽ ይፈርሳል፤ እጁ ግን እንደተነሣ ነው። «አንድ ነገር ብቻ» ይላል ባለ እጁ። አንድ ነገር ብቻ ብሎ በአንድ ነገር ብቻ ያበቃ ሰው ገና አልተወለደም።

የእኛ ከተማ ባለ እጅ ክቡር አቶ እንዳላማው ናቸው። ከተማችን ከደብረ ማርቆስ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አትሞላም። ስሟን አልጠራም፤ ብጠራት ምክር ቤቷ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ ያወግዘኛል፤ የውግዘቱንም ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔው ነኝ። አዎ፣ የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከአፈ ጉባኤዋ በስተግራ፣ ተከፍቶ ከማያውቀው መስኮት ሥር ተቀምጬ የከተማዋን ታሪክ በእስክሪብቶ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ታሪክ ይፋረደኛል እያሉ የሚፎክሩ ሰዎች አሉ። ታሪክን ማን እንደሚጽፈው ቢያውቁ ኖሮ ፉከራውን ይተዉት ነበር።

አቶ እንዳላማው ጡረተኛ ናቸው። በሥራ ዘመናቸው የጤና ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ቤት ለቤት እየዞሩ የሰው መጸዳጃ ቤት ሲያዩ ነው ያረጁት። ሌላው ሰው ከተማዋን በአስፋልቷ ያውቃታል፤ እሳቸው በጓሮዋ። የማን ጉድጓድ እንደ ሞላ፣ የትኛው ሹም ቤት እጅ መታጠቢያ እንደሌለው ሁሉን ያውቃሉ። ሹማምንቱ ፊት ለፊት የማያዩአቸው ለዚህ ይመስለኛል። ጡረታ ሲወጡ የቀበሌያቸው ሰው በአንድ ድምፅ የምክር ቤት አባል አድርጎ መረጣቸው። ፍቅር እንዳይመስላችሁ። ከቀበሌ ስብሰባ የሚገላገላቸው መስሎት ነው።

ንግግራቸው የታወቀ ነው። አጀንዳው የመንገድ መብራት ከሆነ ከውኃ ይጀምራሉ፤ አጀንዳው ውኃ ከሆነ ከድሮው ቄራ። ከቄራው በየት ዞረው አጀንዳው ላይ እንደሚደርሱ እግዜር ይወቅ፤ ብቻ ይደርሳሉ። ሲደርሱም ጠረጴዛውን በጣታቸው ሦስት ጊዜ ቆርቆር አድርገው ያችን ይላሉ፦ «በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ!» አንድ ጊዜ ለሞተ አባል የኅሊና ጸሎት ቆመን ስንቀመጥ እጃቸውን አነሡ። «ክብርት አፈ ጉባኤ፣ ደቂቃው ሳይሞላ ነው ያስቀመጡን። ሟቹ አርባ ሰከንድ ነው ያገኙት። ይያዝልኝ።» የባጃጅ ሾፌሮች ስማቸውን ረስተውታል። «አቶ ይያዝልኝ፣ ይግቡ! ወደ ገበያ ነው!» ነው የሚሏቸው። እሳቸውም ይገባሉ።

እኔስ ይህን ሁሉ እንዴት ያዝኩት? ምሥጢሩን ላውጣው። አልያዝኩትም። እሳቸው ተነሥተው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አንድ መስመር እጽፋለሁ፦ «የተከበሩ አቶ እንዳላማው ሰፊ አስተያየት ሰጥተዋል።» አለቀ። ከዚያ በኋላ እስክሪብቶዬ ከወረቀቱ በላይ በአየር ላይ ይመላለሳል። እሳቸው ደግሞ በንግግራቸው መሀል እጄን ያያሉ፤ የሚሮጥ እጅ ሲያዩ ፊታቸው ይበራል። «ቀስ እልልሃለሁ ልጄ» ይሉኛል። አንዳንዴም «ተባረክ»።

በሚቀጥለው ስብሰባ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነብቦ ይጸድቃል፤ ደንቡ ነው። እዚህ ላይ የተማርኩት ትምህርት ረድቶኛል። ልጅነቴን ዲማ ቅኔ ቤት ነው የጨረስኩት። መምህሬ ፊት ቆሞ ያልተጻፈ ነገር እንደ ተጻፈ አድርጎ መናገር የለመደ ሰው፣ ከተማ ምክር ቤት ፊት ምን ይቸግረዋል? የአቶ እንዳላማው ተራ ሲደርስ ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ ከትዝታዬ አወርደዋለሁ። እንዲያውም አሳምረዋለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ ሲያበቃ «ትክክል ነው» ይላሉ። አዳራሹ ያጸድቃል። ወረቀቱ ግን ያው አንድ መስመር ነው። ስምንት ዓመት እንዲህ ኖርን፤ እሳቸው ተይዞልኛል ብለው፣ እኔ እጄን አሳርፌ።

ባለፈው ሚያዝያ ትልቁ አጀንዳ መጣ። አንድ አልሚ ድርጅት ከድሮው ወፍጮ ቤት ጀርባ ባለው ሰፈር ላይ ቅይጥ ሕንፃ ላቁም ብሎ ጠየቀ፤ ከታች ሱቅና ባንክ፣ መሀል ላይ ቢሮ፣ ከላይ መኖሪያ፣ በሦስት ደርብ። ሰፈሩ ወፍጮ ጓሮ ይባላል፤ አርባ አንድ ቤት አለበት። የድርጅቱ ባለሙያ ዓለምነው የሚባል ጎልማሳ ነው፤ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ አበራው። በሥዕሉ ላይ ሕንፃው ያበራል፣ ሰዎቹ ይስቃሉ፣ በሕንፃው ዙሪያ ዘንባባ ተተክሏል።

አቶ እንዳላማው ተራቸው ሳይደርስ «ይህ ዘንባባ ነው?» አሉ።

«ዘንባባ ነው፣ ጋሼ።»

«የኅዳር ውርጭ የሚባል ነገር ታውቃለህ?»

«እሱ ለማሳያ ነው የገባው።»

«እንግዲያው ለማሳያ ያልገባውን ብቻ ለይተህ አሳየን።»

አዳራሹ ሳቀ። አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ ያለምወርቅ ጠረጴዛውን መቱ። «አቶ እንዳላማው፣ ተራዎን ይጠብቁ እንጂ!»

«እጠብቃለሁ ክብርት አፈ ጉባኤ። ብቻ ተራዬ እስኪደርስ ዘንባባው እንዳይደርቅ።»

ተራቸው ደረሰ። ከምንጭ ውኃ ጀመሩ፤ በድሮው ቄራ በኩል ዞሩ፤ ሰዓቱ ለምሳ ሲቃረብ ደረሱ። የዚያን ዕለት ያሉትን ዛሬ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፤ ትዝታዬ ጥሩ እንደሆነ ነግሬአችኋለሁ።

«እኔ ሕንፃውን አልቃወምም። የወፍጮ ጓሮን መጸዳጃ ቤቶች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ ለጠላት አልመኛቸውም። ከተማ ይደግ። ነገር ግን አርባ አንዱ አባወራ ምትክ ቦታውን በእጁ ሳያስገባ አንዲት ቆርቆሮ እንዳትነቀል። ድጋፍ የምሰጠው በዚህ ብቻ ነው። ይህ ከሌለ ድጋፌም የለም። በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።»

ወይዘሮ ያለምወርቅ ሰዓታቸውን አዩ። «ይያዝላቸው።»

እስክሪብቶዬ በአየር ላይ ተመላለሰ።

ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ የወፍጮ ጓሮ ሰዎች ተቀምጠዋል። ከፊት እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ናቸው፤ ቤታቸው ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጋር የተለጠፈ፣ ከባላቸው ሞት በኋላ ቆብ የጫኑ መበለት። በእጃቸው የአርባ አንድ ቤት የጣት አሻራ ያረፈበት አቤቱታ ይዘዋል። ለአፈ ጉባኤዋ ሊሰጡ ነበር የመጡት። «ይያዝላቸው» የሚለውን ሲሰሙ ወረቀቱን አጥፈው ወደ ጉያቸው መለሱት። «ከተያዘማ ምን ያስለፈልፈናል» አሉ ለጎረቤታቸው። «ለመንግሥት አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይነገርም፤ ይቆጣል።» ተነሥተው ወጡ። አይቻቸዋለሁ። ከተቀመጥኩበት እስከ እሳቸው አሥር እርምጃ አይሆንም።

ድምፅ ተሰጠ። የአቶ እንዳላማው እጅም ከሌሎቹ ጋር ተነሣ። እኔም ጻፍኩ፦ «ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» ድጋፋቸው ተያዘ። ድጋፋቸው የቆመበት ነገር አየር ላይ ቀረ። በሚቀጥለው ስብሰባ እንደ ልማዴ ከባዶ መስመር ላይ ሁሉንም አነበብኩ፤ አርባ አንዱን አባወራ፣ ቆርቆሮዋን፣ ሁሉን። በጣም አምሮልኝ ነበር። «ትክክል ነው» አሉ አቶ እንዳላማው።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል በወፍጮ ጓሮ በሮች ላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ በሦስት ቀን ውስጥ ልቀቁ። ስለ ምትክ ቦታ አንድ ቃል የለበትም። ሰዎቹ ተሯሩጠው አቶ እንዳላማው ቤት ሄዱ። እሳቸው ሱሪያቸውን ቀይረው፣ ከረባታቸውን አስረው ወጡ። «አትሸበሩ» አሏቸው፤ መንገድ ላይ ያገኛቸው ሁሉ ሰምቷል። «ተይዟል።» ሃያ ያህል ሰው አስከትለው ቢሮዬ ገቡ። የተነሺዎችን አቤቱታ የሚያየው ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ከሰዓት በኋላ ይቀመጣል፤ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ፈልገው ነው።

መዝገቡን ከፈትኩላቸው። ሌላ ምን ላድርግ? መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ። ገጹን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ተመልሰው አነበቡ።

እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ማንበብ አይችሉም። «አገኘኸው እንዳላማው?» አሏቸው።

«እየፈለግሁ ነው፣ እማሆይ።»

«ረዥም ነበር እኮ የተናገርከው። አይጠፋህም።»

ጣታቸው ስማቸው ካለበት መስመር ላይ ቆሟል። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ቢጮኹ፣ ቢሰድቡኝ፣ ስምንት ዓመት ያጠራቀሙትን ምላስ ሁሉ ቢያወርዱብኝ ምንኛ ደግ ነበር! ዝግ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ያን ዕለት አንብበህልን አልነበረም?» አሉኝ።

«አንብቤ ነበር።»

«ከየት ነው ያነበብከው?»

ቅጂውን አውጥቼ ማኅተሙን መታሁበት።

ከሰዓት በኋላ ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ወይዘሮ ያለምወርቅን ጠየቀ። ስብሰባ ብዙ ስለሆነ አያስታውሱም። እኔን ጠየቀኝ፤ አቶ እንዳላማው ይህን ብለዋል ወይስ አላሉም? አሁን እናንተ ይህ ሰው እዚህ ላይ ተነሥቶ እውነቱን ተናገረ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ስንት ሹም፣ ስንት ደላላ፣ ስንት አድርባይ ስሰድብ የኖርኩ ሰው ነኝ። «ከቃለ ጉባኤው ውጪ የምለው የለኝም» አልኩ። እንጀራዬን አሰብኩ። ጉባኤው ለመወሰን ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም።

ዶዘሩ የገባው በዝናብ ነው። እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የመቃብር ቤት ጥግ አገኙ፤ አሁንም እዚያው ናቸው። የቀሩት ገሚሱ አማኑኤል ከተማ ዘመድ ጋ፣ ገሚሱ የትም። ሕንፃው አልተጀመረም። አልሚው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ አጥሮ፣ አጥሩ ላይ ያን ሥዕል ሰቅሎ ሄደ። ጉድጓዱ ውኃ ሞልቷል። የዘንባባው ቀለም በዝናብ ለቅቆ ወደ ግራጫ እየሄደ ነው፤ በውርጭ ይሞታል ያሉት ግን ሐሰት ሆነ፤ ኅዳርን አልጠበቀም።

አንድ ቀን አቶ እንዳላማውን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «የኔ ጥፋት ነው» አሉ። «አረዝመዋለሁ። ሰው እጅ እንደሚደክመው አላሰብኩም።» ትከሻዬን መታ አድርገው ሄዱ። ስምንት ዓመት ሙሉ የተናገሩት አጭር ነገር እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም ለእኔ አወጡት።

ከዚያ ወዲህ ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ አይናገሩም። ስብሰባችን በሠላሳ አምስት ደቂቃ ያልቃል። መጀመሪያ አባላቱ ደስ አላቸው፤ ምሳ በሰዓቱ ሆነ። ቆይቶ ግን አንድ ነገር መጣ። ወይዘሮ ያለምወርቅ «እንግዲህ ሌላ ሐሳብ ከሌለ…» ይሉና ያቆማሉ። አዳራሹ ሁሉ ወደዚያች ወንበር ያያል። እኔም እስክሪብቶዬን ከፍቼ እጠብቃለሁ፤ ስለ ቄራው ይሁን፣ ስለ ምንም ይሁን፣ እስከ ምሽት ይናገሩ፤ እያንዳንዷን ቃል እይዛለሁ። ምንም የለም። ያ የሰለቸኝ ድምፅ እንዲህ ይናፍቀኛል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

መስከረም ላይ የግንባታው ሁለተኛ ምዕራፍ ቀረበ። አንዱ ሰፈር ጉድጓድ ሆኖ ሳለ ከጎኑ ያለው ሃያ ስድስት ቤት ተጠየቀ። ዓለምነው አዲስ ሥዕል አበራ፤ ዘንባባው ጨምሯል። ማንም ምንም አላለም። «እንግዲህ ሌላ ሐሳብ ከሌለ…»

እጅ ተነሣ።

ወንበር መንጫጫቱ ሳይቀር ቆመ። «ይቀጥሉ፣ አቶ እንዳላማው» አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ፤ ደስታቸው አስታወቀባቸው።

«አንድ ነገር ብቻ። መስኮቱ ይከፈትልን።» ተቀመጡ።

ከኋላ አንዱ «ይያዝልዎት?» አለና የሳቀ ሰው አጣ። እሳቸው ጠረጴዛውን አልቆረቆሩም። ሁለት አባላት ተነሥተው በዝናብ ያበጠውን የእንጨት መስኮት በትከሻቸው ገፉት። እየጮኸ ተከፈተ። ያ መስኮት ወደ ወፍጮ ጓሮ እንደሚያይ እኔ ሥሩ ስምንት ዓመት ተቀምጬ አላወቅሁም ነበር።

ማንም ይያዝልኝ ሳይለኝ ጻፍኩ። መዝገቡ ውስጥ አለ፤ የፈለገ መጥቶ ያንብብ፦

«የተከበሩ አቶ እንዳላማው መስኮቱ እንዲከፈት ጠየቁ። ተከፈተ። ውኃ የሞላው ጉድጓድ ታየ፤ የእንቁራሪት ድምፅ ወደ አዳራሹ ገባ። አፈ ጉባኤዋ ሌላ ሐሳብ እንዳለ ጠየቁ። ሰፊ ውይይት አልተደረገም።»