በሃዋኒ እጅ ጉዳይ የተደረገ ስብሰባ

ሳይነኩት የሚጫወቱት የሙዚቃ መሣሪያ አስተዳደር ጊዜያዊ ኮሚቴ
የሦስተኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ ግንቦት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.
ቦታ፦ አምቦ፣ የትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል። ግማሹ ክፍል የተሰበሩ ወንበሮች ስለተከመሩበት ስብሰባው በቀሪው ግማሽ ተካሂዷል።
የተጠራበት ሰዓት፦ ጠዋት 3፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ 4፡25

የተገኙ
1. አቶ ደቻሳ ቱፋ፣ ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ሰብሳቢ
2. አቶ ደቻሳ ቱፋ፣ የስፖርት ክበብ ተጠሪ፣ አባል
3. ኦቦ ጀቤሳ ለሚ፣ የወላጆችና መምህራን ኅብረት ሊቀመንበር፣ አባል
4. አዴ እንቁ ደበላ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ አባል
5. መምህር ቶኩማ ጂራ፣ የኮምፒዩተር መምህር፣ አባል
6. ተማሪ ጃለኔ ኢዶሳ፣ 12ኛ ሀ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተጠሪ፣ አባል
7. ተማሪ ቀንዓ አመዩ፣ 11ኛ ለ፣ ጸሐፊ (ጽሕፈቱ ስለሚነበብ የተመረጠ፣ ድምፅ የመስጠት መብት የሌለው)

ያልተገኙ፦ አራት አባላት። አንዱ ደንዲ ሠርግ ላይ፣ ሁለቱ ሌላ ስብሰባ ላይ፣ አንዱ አባል መሆናቸውን ያልሰሙ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከአሥሩ አባላት ስድስቱ ሲገኙ ይሞላል። ተማሪ ጃለኔ ተራ ቁጥር 1 እና 2 አንድ ሰው መሆናቸውን ጠቁማለች። ሰብሳቢው ሁለት ኃላፊነት እንዳላቸው፣ በአንድ ወንበር የተቀመጡትም በወንበር እጥረት ምክንያት መሆኑን አስረድተዋል። ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል።

ስብሰባው በኦቦ ጀቤሳ ምርቃት ተከፍቷል። ኦቦ ጀቤሳ ዝናቡን፣ የከብቱን ግጦሽ፣ የ12ኛ ክፍልን ፈተናና የሰብሳቢውን የሥራ ዕድገት መርቀዋል፤ አባላቱም በየመሃሉ «ሃ ታኡ»፣ ይሁን፣ ብለዋል። ምርቃቱ ካለቀ በኋላ ኦቦ ጀቤሳ ስብሰባው ስለ ምን እንደሆነ ጠይቀዋል።

በመሆኑም የጉዳዩ መነሻ እንደሚከተለው ተነቧል። መሣሪያው የሃዋኒ አመዩ ነው። ሃዋኒ ባለፈው ዓመት 12ኛን የጨረሰች የሚኒ ሚዲያ ክበብ ኃላፊ ነበረች። በጥር ወር ጊንጪ አጠገብ በደረሰ የመኪና አደጋ አርፋለች። ቤተሰቧ መሣሪያውን ለወላጆች ቀን በውሰት ሰጥቷል። ያመጣው ጸሐፊው ነው። ጸሐፊው ወንድሟ ነው። ሰብሳቢው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከጉዳዩ ጋር ስለማይገናኝ እንዲወጣ አሳስበዋል። በእስክሪብቶ ስለተጻፈ ቀርቷል።

አጀንዳ 1፦ መሣሪያውን በንብረት መዝገብ ማስፈር

መምህር ቶኩማ መሣሪያውን አስተዋወቁ። መዳፍ የሚያህል ጥቁር ሳጥን ሲሆን ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ወደ ላይ ያያል። እጅ ከላዩ ሲያንዣብብ እንቅስቃሴውን ተከታትሎ በገመድ ለኮምፒዩተሩ ይነግራል፤ ኮምፒዩተሩም ክራር ወይም ዋሽንት ወይም የታዘዘውን ያሰማል። ሁለቱ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ሚዲ እንደሚባል ገልጸዋል። ኦቦ ጀቤሳ ሳጥኑ ራሱ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ጠየቁ። ራሱ ምንም ድምፅ እንደሌለው፣ ሌላው እንዲሠራ ትእዛዝ ብቻ እንደሚያስተላልፍ ተነገራቸው። ኦቦ ጀቤሳ እንዲህ ያለ ሰው ወረዳ ላይ እንደሚያውቁ ተናገሩ። ሰብሳቢው አስተያየቱ እንዳይያዝ አዘዙ። ተይዟል።

አዴ እንቁ ዕቃው በምን ስም ገቢ እንደሚሆን ጥያቄ አቀረቡ። ክር የለውም፤ ቆዳ የለውም፤ የሚነፋ ቀዳዳም የለውም። መዝገቡ ላይ የሙዚቃ መሣሪያ በሚለው ዓምድ ሥር ያሉት ግን እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው። መምህር ቶኩማ አራተኛ ዓምድ ቢሠመርስ አሉ። አዴ እንቁ በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎታቸው ዓምድ አሥምረው እንደማያውቁና አሁን ጡረታቸው ሲቀርብ እንደማይጀምሩት መልሰዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ «ከበሮ፣ ቆዳ የሌለው፣ ብዛት አንድ» ተብሎ በሞዴል 19 ገቢ እንዲሆን ተወስኗል።

ጸሐፊው ዕቃው በውሰት የመጣ መሆኑን አስታወሰ። ሰብሳቢው በትምህርት ቤቱ በር የገባ ነገር ሁሉ የትምህርት ቤቱ መሆኑን፣ ከአሁን በኋላም ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ማንም ሊነካው እንደማይችል አስታውቀዋል። ማንም በሚለው ውስጥ ጸሐፊው መካተቱ ተብራርቷል።

አጀንዳ 2፦ ቅጂ ስለማስቀመጥ

መምህር ቶኩማ እንዳስረዱት መሣሪያው በአንድ ጊዜ የሚይዘው የአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው። አውራ ጣት ሲታጠፍ ምን ማለት እንደሆነ፣ መዳፍ ሲዘነብል ምን እንደሚከተል፣ ባለቤቱ ያስተምረዋል። ሃዋኒ የራሷን እጅ ሁለት ዓመት ሙሉ አስተምራዋለች። አዲስ እጅ ከገባ የእሷ ይጠፋል። ስለዚህ በቅድሚያ ቅጂው በፍላሽ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳቡ ጥሩ መሆኑን ሁሉም ተስማምተዋል።

አዴ እንቁ ፍላሽ መጋዘን ውስጥ እንዳለ፣ ለማውጣት ሞዴል 22 እንደሚያስፈልግ፣ ሞዴል 22 ጥራዙ እንዳለቀ፣ አዲስ ጥራዝም በጽሑፍ መጠየቅ እንዳለበት ገለጹ። ጠያቂው ማን እንደሆነ ተጠየቁ። እሳቸው ናቸው። ማንን እንደሚጠይቁ ተጠየቁ። ራሳቸውን ነው። ለምን አሁኑኑ እንደማይጠይቁ ሲጠየቁ ቅዳሜ ደብዳቤ እንደማይቀበሉ መለሱ።

ተማሪ ጃለኔ የራሷን ፍላሽ ከቦርሳዋ አወጣች። መምህር ቶኩማ የተማሪ ፍላሽ ቫይረስ ስለሚኖረው ሊሰካ እንደማይችል ተናገሩ። ተማሪ ጃለኔ ባለፈው መስከረም አሥራ አራቱን ኮምፒዩተሮች በአንድ ቀን ያስተኛው ፍላሽ የተማሪ እንዳልነበረ ለመምህር ቶኩማ አስታወሰች። ሰብሳቢው ያለፈ ነገር እንዳይነሳ አሳሰቡ። ቅጂው በሚቀጥለው ረቡዕ እንዲቀመጥ በአንድ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ መሣሪያው በወላጆች ቀን ለማን እጅ እንደሚታዘዝ

አባላቱ በየተራ ሞክረዋል። ሰብሳቢው ሰንደቅ ዓላማ ሥር ተማሪ ጸጥ እንደሚያሰኙት እጃቸውን ዝቅ ከፍ አደረጉ። መምህር ቶኩማ ሰሌዳ እንደሚጠርግ ሰው አወዛወዙ። አዴ እንቁ ባጃጅ እንደሚያስቆም ሰው ዘረጉ። ኦቦ ጀቤሳ በድጋሚ መረቁ። መሣሪያው ለአንዳቸውም አልታዘዘም። የሚያውቀው የሃዋኒን እጅ ብቻ ስለሆነ ነው።

ሰብሳቢው በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ንብረት ለአንድ ግለሰብ ብቻ ሊታዘዝ እንደማይችል አስገንዝበዋል። ቀጥለውም እንደ ስፖርት ክበብ ተጠሪ ተነሥተው የሰብሳቢው እጅ እንዲገባ ጠቆሙ፤ እንደ ሰብሳቢ ጥቆማውን ደገፉ። ኦቦ ጀቤሳ የደም ባለጋራ ያስታረቀ እጅ እዚሁ ተቀምጦ ሳለ ጠመኔ የያዘ እጅ መመረጡ እንዳልገባቸው ተናገሩ። ሰብሳቢው የታረቁት ሰዎች ዘንድሮም ፍርድ ቤት መታየታቸውን አነሡ። ኦቦ ጀቤሳ ከዘራቸውን አነሡ። ለአሥር ደቂቃ ዕረፍት ተወስዷል።

ከዕረፍት መልስና ከረጅም ውይይት በኋላ የሁለቱም እጅ ቀርቶ የወላጆች ቀን የክብር እንግዳው እጅ እንዲገባ ተወስኗል። እንግዳው «ቀኝ እጃቸውን ከነሙሉ ጣቶቹ እስከ ግንቦት 20 እንዲያሳውቁን» ደብዳቤ ይጻፍላቸዋል።

አፈጻጸሙን ለማየት መምህር ቶኩማ እጅ የሚገባበትን ገጽ ከፈቱ። ስክሪኑ ላይ የሃዋኒ እጅ በሰማያዊ መስመር ተሥሎ ይታያል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አለ። ሰብሳቢው የሚነበብ ነገር ሁሉ ወደ ልዩ ልዩ እንዲተላለፍ፣ ገጹም እስኪወሰን ድረስ እንደተከፈተ እንዲቆይ አዘዙ። ጽሑፉን ጸሐፊው አንብቦታል። አሥር ሰከንድ ከላይ የቆየ እጅ ይመዘገባል፣ የቀድሞው ይሰረዛል ይላል።

አጀንዳ 4፦ ስለ ቀድሞው እጅ

ይህ አጀንዳ አልተያዘም ነበር። ተማሪ ጃለኔ ሥዕሉን ስታይ እጇን አውጥታ በተፈቀደላት መሠረት የሚከተለውን ተናገረች።

«ይቺ የተጣመመችው ትንሿ ጣት ወንጪ ከፈረስ ወድቃ የሰበረቻት ናት። ወጌሻው አጣሞ ነው ያሰራት፤ ሁሌ እንሥቅባት ነበር። እናቷ አዴ ሲንቄ ፎቶዋን ማየት አልቻሉም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ አስወርደዋል። ይሄን ግን ያያሉ። ከገበያ ሲመለሱ ቀንዓ ይከፍትላቸዋል፣ ቁጭ ብለው ጣቷን ያያሉ። እንግዳው አንድ ቀን መጥቶ ይሄዳል፣ ቲቸር። ለእናቷ ምን ይዘንላቸው ልንሄድ ነው?»

አዴ እንቁ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው እንዳይያዝ ጠይቀዋል። ኦቦ ጀቤሳም «ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ የሞተ ሰው እጅ በስብሰባ አይሻርም። የእሷ ይቆይ፤ እንግዳው ያጨብጭብ» አሉ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው እሳቸውም ሴት ልጅ እንዳላቸው ተናገሩ። ጸሐፊው እስካሁን ከተናገሩት ሁሉ ይህን ያለ አንዳች ማሻሻያ ይዞታል።

ሰብሳቢው ቀጥለው ግን ሐዘን ብቻውን ሕጋዊ እንደማይሆን፣ ጉዳዩ በድምፅ መጽደቅ እንዳለበት ገለጹ። የሃዋኒ እጅ እንዲቆይ የሚደግፉ እጃቸውን እንዲያወጡ ጠየቁ። የወንበሩ ክምር ስለከለላቸውም ሁሉም እጁን ወደ መሃል፣ ከጠረጴዛው በላይ፣ እንዲያደርግ አዘዙ።

ጸሐፊው «እጅ አታውጡ» አለ።

ሰብሳቢው በዚህ ቤት መናገር የሚፈልግ አስቀድሞ እጁን እንደሚያወጣ አስታወሱት። ጸሐፊው እጁን ማውጣት እንደማይችል ተናገረ። ምክንያቱን ተጠየቀ። ሊናገር ሲል ምክንያትም ቢሆን እጅ ከወጣ በኋላ እንደሚቀርብ ተነገረው። ጸሐፊው ገመዱን ሊነቅል ተነሣ። አዴ እንቁ ንብረቱ በስማቸው ገቢ ስለሆነ በግራ እጃቸው ትከሻውን ይዘው «ተው ልጄ፣ ለእህትህ እኮ ነው» አሉት። ቀኝ እጃቸውን ከጠረጴዛው በላይ አወጡ። ተማሪ ጃለኔ ጸሐፊውን አየችው። እጇን ካላወጣች ተቃውሞ ተብሎ እንደሚያዝ ተነገራት። አወጣች።

መምህር ቶኩማ በአንድ እጅ እየደገፉ በሌላው ቆጠሩ፤ አምስት ሆነ። ሰብሳቢው ሁለት ኃላፊነት ስላላቸው ሁለተኛ እጃቸውን ጨመሩ፤ ስድስት ሆነ። ኦቦ ጀቤሳ አንድ ሰው እንዴት ሁለት ጊዜ ይደግፋል ብለው ተከራከሩ። እጆቹ እንዳይወርዱ ተብሎ እንደገና ተቆጠረ።

ኮምፒዩተሩ አጭር ድምፅ አሰማ። ስክሪኑ ላይ ሌላ እጅ ወጣ። ወፍራም ነው፤ ጣቶቹ ሁሉ ቀጥ ያሉ ናቸው።

ውጤት፦ የሃዋኒ እጅ እንዲቆይ በስድስት ድጋፍ፣ ያለ ተቃውሞና ያለ ድምፀ ተዓቅቦ ጸድቋል።

መምህር ቶኩማ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ በዚህ ጊዜ ለስብሰባው አንብበው ተረጎሙ። ከዚያም ኮምፒዩተሩን ሦስት ጊዜ አጥፍተው አበሩ። ቅጂ መኖር አለመኖሩን ጠየቁ። ረቡዕ እንደሚቀመጥ ከቃለ ጉባኤው ተነበበላቸው። ሰብሳቢው ሳያስቡት እጃቸውን ከሳጥኑ በላይ ሲያሳልፉ ክራር ተሰማ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ተማሪ ጃለኔ ወጥታ ሄደች። ምልዓተ ጉባኤው ጎድሏል፤ ሰብሳቢው ግን ቦርሳዋ ስላልወጣ እንደተገኘች እንድትቆጠር ወስነዋል።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው አንድ ኮሚቴ እንዲቆይ የወሰነውን ነገር በዚያው እጁ ማጥፋቱ ከተጻፈ ከላይ ጥያቄ ሊመጣ እንደሚችል አሳሰቡ። ከአጭር ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወስኗል።

ሀ. ዛሬ በአጀንዳ 1፣ 2፣ 3 እና 4 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል።
ለ. የወጡት እጆች እንዳልወጡ ይቆጠራሉ።
ሐ. መሣሪያው ከመዝገብ ተሰርዞ ለአምጪው ይመለሳል።

ጸሐፊው ተራ ፊደል «ለ» ለመሣሪያው በምን እንደሚገለጽለት ጠየቀ። እጁን ሳያወጣ ስለጠየቀ መልስ አልተሰጠም።

አዴ እንቁ ሳጥኑን ከነገመዱ በፌስታል አድርገው ለጸሐፊው አስረክበዋል። «ይቅር በለኝ፣ ልጄ» ብለዋል። ሰብሳቢው ርክክብ ያለ ፊርማ እንደማይሆን ስላሳሰቡ «ንብረቱን በነበረበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ወረቀት ቀርቦለታል። ጸሐፊው አልፈረመም። እስኪፈርም ተጠብቋል። በመጨረሻ የምሳ ሰዓት እያለፈ በመሆኑ ስብሰባው ከቀኑ 7፡10 ተነሥቷል።

ከላይ የተጻፈው በስብሰባው የሆነው መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ቀንዓ አመዩ፣ ጸሐፊ