ከፊት የቆመው ጠርሙስ

ሽንቱ እንኳ ከሰው ሽንት እንዲቀድምለት የሚሻ ባለማዕረግ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጎንደር ላይ አጋጥሞኛል። ከሳንጃም ከአዲ አርቃይም የመጣ ሰው ስኳሩን የሚያስመረምረው በአንዲት ላቦራቶሪ ነበር። ውሃ ጥም አላስቀምጥ ያላትን የልጄን ሽንት፣ ሦስቴ በፈላ ውሃ ባጠብሁት ጠርሙስ ይዤ ተራ ስጠብቅ፣ አንድ ባላምባራስ መጡና የራሳቸውን ጠርሙስ ከፊት አስቀደሙ። መርማሪው ሁለቱን ሽንት ለየብቻ ከሰማያዊው መድኃኒት ጋር አፈላ። የሳቸው ቀላ፤ የልጄ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ።

«ቀዩ ስኳር አለበት፣ ጌታዬ» አላቸው።

«ምነው! ቀዩማ የዚች ነው። ሸጋው የኔ ነው፣ ጻፍ!»

ፈርቶ ጻፈ። ጠርሙሴን ሲመልስልኝ ግን በጆሮዬ፣ «አይዞሽ እታለም፣ ልጅሽ ደኅና ናት» አለኝ።

ባላምባራስም የልጄን ጤና በኪሳቸው፣ ስኳራቸውን በደማቸው ይዘው ወደ ጠጅ ቤት ሄዱ።