አዋቂ የማይገባበት ሰፈር

ሰው ሁሉ ሕልሙን የሚያየው ሌሊት ነው። ደግፌ ግን ሌሊት የሚተኛበት ምን ልብ አለውና! እሱ የራሱን ያየው ጳጉሜ ሁለት ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ነው። እኔ የሥራ ባልደረባው ነኝ፤ አብረን ከቤት ቤት እየዞርን የውሃ ቆጣሪ እናነባለን። ያወራልኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የማወራችሁ። ትንሽ ብጨምርም ይቅር በሉኝ፣ ነገሩ ስላናደደኝ ነው።

አስቀድሜ ጉዳዩን ልንገራችሁ። ደግፌና ሚስቱ ውድነሽ ሦስት ልጆች አሏቸው። ትልቋ ሕሊና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ናሆም ዘጠኝ፣ ትንሿ ማራኪ ስድስት። ስምንት ዓመት የኖሩበትን ቤት አከራያቸው፣ "ልጄን ልድርበት ነው፣ ለመስከረም አንድ ልቀቁልኝ" አሏቸው። ምን ይባላል? የሰው ቤት የሰው ነው። ደግፌ ሐምሌን ሙሉ፣ ነሐሴን ሙሉ ሰፈር ሲያማርጥ ከረመ። ማማረጥ ይሉታል ይሄንን! ጥሩ ትምህርት ቤት ባለበት ሰፈር ኪራዩ አይቀመስም። ኪራዩ በሚቀመስበት ሰፈር ደግሞ ትምህርት ቤት የለም፤ ካለም ሕፃን ልጅ ሁለት ታክሲ ይዞ፣ ሲኖትራክ የሚበርበትን ዋና መንገድ ተሻግሮ ነው የሚደርሰው። እሺ፣ ሁለቱም ተገኙ እንበል። ያን ጊዜ አከራይዋ በሩን ገርበብ አድርገው አንዲት ጥያቄ ይጠይቃሉ።

"ስንት ልጅ አላችሁ?"

ደግፌ "ሦስት" ሲል በሩ ይዘጋል። አሥራ አንድ ቦታ ተዘግቶበታል።

ይህን ጥያቄ የማያውቅ ተከራይ አዲስ አበባ ውስጥ የለም። ለዚህ ነው ሰው ቤት ሲከራይ ልጆቹን የሚቀንሰው። ሦስት ያለውም "ሁለት" ይላል፣ አራት ያለውም "ሁለት" ይላል። የተረፉትን ቤቱ ከገባ በኋላ "የእህቴ ልጅ ናት፣ ለጥቂት ቀን መጥታ ነው" እያለ ቀስ በቀስ ያስገባቸዋል። ውድነሽም ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ሁለት በላቸውና እንረፍ!" ስትለው ነበር። ደግፌ ግን አሻፈረኝ አለ። "የወለድኩትን አልክድም! ጎዳና ላይ ባድር አልክድም!" ብሎ ጮኸባት፤ ልጆቹም እየሰሙ። ልጆቹ ያን ዕለት እንዴት ኮርተውበት እንደነበር ውድነሽ ራሷ ነግራኛለች።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው፣ ሦስት ቀን ተኩል ሲቀረው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እንቅልፍ ሸለብ ያደረገው።

በሕልሙ የቤቱን በር ሲከፍት ሰፈሮች ተሰልፈው አገኛቸው። ሰፈር እንዴት ይሰለፋል እንዳትሉኝ። እኔም ጠይቄው "ተሰልፈዋል አልኩህ እኮ!" ብሎ ተቆጥቶኛል። ኮተቤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ከፊት ቆሟል። ጀሞ አራት ፎቅ የሚሆን ደረጃ በትከሻው ተሸክሞ ያለከልካል። ገና ስም ያልወጣለት አንድ አዲስ ሰፈር ደግሞ ከጭራ ሆኖ፣ "መብራት ገብቶልኛል! መብራት ገብቶልኛል!" እያለ አንዲት አምፖል ከፍ አድርጎ ያሳያል። ሁሉም ማስረጃቸውን ፎቶ ኮፒ አድርገው በፌስታል ይዘዋል። ሁሉም ርሰዋል።

"ጋሼ፣ እባክህ እኔን ምረጠኝ" አለው ኮተቤ። "ሦስተኛ ቀኔ ነው ስመላለስ።"

"ነገ ና" አለው ደግፌ።

"ትናንትም ነገ ና ብለኸኝ ነበር።"

"ትናንት ነገ ና ካልኩህ ታዲያ ዛሬ ምን ልታደርግ መጣህ?"

ሲነግረኝ እንኳ ፊቱ በራ። ሁለት ወር ሙሉ ሲባል የከረመውን ነገር አንድ ጊዜ በአፉ ማለቱ ወተት የጠጣ ያህል ደስ አለው። ደስታው ግን አልበረከተም፤ ከሰልፉ መሐል አንድ ደላላ እየተጋፋ መጣና እጁን ያዘው።

በዚያ በሕልሙ አገር ደላላ አይዋሽም። መዋሸት ነውር ነው። ደላላው ኮፍያውን አውልቆ፣ "ጋሼ፣ ቤት አለኝ" አለው። "ጣሪያው ያፈሳል። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ነው፣ እሱም ደስ ሲለው። ጎረቤትየዋ ነገረኛ ናት። ትምህርት ቤቱ አሥር ደቂቃ ነው፣ እሱም በሄሊኮፕተር።"

"ታዲያ ለምን ታሳየኛለህ?"

"እንዳትገባበት ልለምንህ ነዋ!" አለና ደላላው እንባው ቀደመው። "ልጆች አሉህ አይደል? እኔ እኮ ደላላ ነኝ ጋሼ፣ እንዴት ብዬ ልዋሽህ?"

ደግፌ አባብሎት፣ እንባውን ጠርጎለት፣ ቀና ሲል ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሟል። በሩ ላይ ወላጆች ሰማያዊ ሹራብና ቁምጣ ለብሰው፣ እጃቸውን የፊተኛው ትከሻ ላይ አድርገው ተሰልፈዋል። ሽበታም ሰው በቁምጣ! ውድነሽም አለችበት፤ ፀጉሯ ሁለት ቦታ ተሠርቶ፣ የምሳ ዕቃዋን አቅፋለች። አላናገረችውም። ሰልፍ ላይ ማውራት ያስቀጣል።

ርዕሰ መምህሯ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሦስት ትራስ ተደራርቦላት ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች፣ እግሯ መሬት አይነካም። "የመግቢያ ፈተና ነው" አለችው። "ከወደቅህ ልጆችህ ቦታ የላቸውም።"

ደግፌ አልፈራም። እሱ የከተማውን በር ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው። የትኛው ግቢ ውሻ እንዳለው፣ የትኛው ቆጣሪ በድንጋይ እንደተሸፈነ፣ የትኛዋ ሴትዮ ስታየው በሩን እንደምትዘጋ ጠንቅቆ ያውቃል። ከሰፈር ጥያቄ ምን ያመልጠኛል ብሎ ተቀመጠ።

"ጥያቄ አንድ። ናሆም ታክሲ ሲያጣ የት ነው የሚቆመው?"

"ፌርማታው ላይ።"

"ስህተት። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ነው የሚቆመው። ፌርማታው ላይ ትልልቅ ሰዎች ይገፉታል።" ርዕሰ መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈች። "ጥያቄ ሁለት። ሕሊና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዞራ የምትመጣው ማንን ፈርታ ነው?"

ደግፌ ዞራ እንደምትመጣም አያውቅም ነበር። ይህቺን ሲነግረኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እኔም እኮ ሴት ልጅ አለችኝ።

"መልስ እንጂ! ጊዜህ አለቀ!" ስትለው ደንግጦ የቆጣሪ ቁጥር መጥራት ጀመረ። ዜሮ ዜሮ አራት ሰባት ሁለት እያለ አንድ መንደር ሙሉ ዘረዘረላት። ትንሿ ርዕሰ መምህር እስኪጨርስ በትዕግሥት ጠበቀችውና ወረቀቱን ወረወረችለት። "ነገ ልጅህን ይዘህ ና! ያለ ልጅህ ድርሽ እንዳትል!"

ወደ ውጭ ሲወጣ ውድነሽና ሦስቱ ልጆች አጠገቡ ቆመዋል። አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ናቸው፣ ግራና ቀኙ አረንጓዴ የብረት በር ነው። በየበሩ ላይ በጠመኔ ተጽፏል፦ "ልጅ የሌለው ተከራይ አይጠይቅ።" አንዱ በር ብርግድ አለና አንዲት ደልደል ያሉ ሴትዮ ነጠላቸው እየተጎተተ እየሮጡ ወጡ።

"ውይ ልጆች! ስንት ናቸው? ሦስት ብቻ? ምነው ምነው፣ አራተኛ የላችሁም?"

"የለንም እትዬ፣ ይቅርታ" አለ ደግፌ። ይቅርታ መጠየቁ ለራሱም ገርሞታል።

"ግድ የለም፣ በእነሱ እንጀምራለን። ኑ ቤቱን እዩ!"

ቤቱ ደግሞ እንዴት ያለ ቤት መሰላችሁ! ትምህርት ቤቱ አጥር ለአጥር ነው፤ ልጆቹ እንዳይዞሩ ተብሎ አጥሩ ላይ በቁመታቸው ልክ ትንሽ በር ተከፍቷል። መንገድ መሻገር የለ፣ ታክሲ የለ። "ግድግዳው ላይ ካልተጻፈበት ይከፋዋል" አሉ ሴትዮዋ። "እኔም ብሆን ኳስ መስኮቴን ካልመታው የቀን እንቅልፍ አይወስደኝም።" ማራኪ ሳትጠየቅ ገብታ ኳሱን አንስታለች። ናሆም ቦርሳውን አውርዶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ደግፌ "ተመስገን! ተገላገልን!" ብሎ እግሩን ሊያስገባ ሲል የብረቱ በር ራሱ ደረቱን ገፋው።

"አንተ ወዴት ነህ?" አሉት ሴትዮዋ።

"አባታቸው ነኝ እኮ።"

"እሱማ ገብቶኛል፣ የኔ ጌታ። ግን አዋቂ አናስገባም። ቅር እንዳይልህ፣ የግቢው ደንብ ነው። አዋቂ ውሃ ያባክናል። ሲጣላ ጎረቤት ይረብሻል። እንግዳ ያበዛል፣ ያመሻል፣ በር ያንኳኳል። አምና አንድ አባት አዝኜ አስገብቼ ግቢውን እንዳልነበር አደረገው።"

"እኔ ድምፄም አይሰማ እትዬ። ከሥራ ገብቼ ጥግ ይዤ ነው የምቀመጠው። ሚስቴም ጨዋ ናት።"

"ሁሉም ሲገባ እንዲህ ነው የሚለው" አሉና ወደ ሕሊና ዞሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሚጣዬ፣ አንቺ እውነቱን ንገሪኝ። ስንት ወላጅ አላችሁ?"

ሕሊና አባቷን አየችው። እናቷን አየቻት። ከዚያ አጥሩ ላይ ያለችውን ትንሽ በር አየች፣ ደረጃው ላይ የተቀመጠውን ወንድሟን አየች።

"የለንም" አለች። "ሦስታችን ብቻ ነን።"

"እነዚህስ?"

"ዕቃ ያወረዱልን ሰዎች ናቸው።"

በሩ ተዘጋ። ደግፌ በሁለት እጁ ይደበድበው ጀመር። "ሕሊና! አባትሽ ነኝ! ኧረ ሕሊና!" ከውስጥ የሚሰማው የኳሱ ድምፅና የማራኪ ሳቅ ብቻ ነው። ውድነሽ በዚያች የተማሪ ሹራቧ ክንዱን ያዘችው። "ዝም በል" አለችው። "እባክህ አትጩኽ፤ አባት እንዳላቸው ካወቁ ያስወጧቸዋል።" ያን ጊዜ ደግፌ አፉን በገዛ እጁ ግጥም አድርጎ ያዘ። ትንፋሽ አጠረው። ሊሞት ምንም አልቀረውም ነበር፤ ነቃ።

ጆሮው ሥር ስልኩ ይጮሃል።

የእውነቱ ደላላ ነው፣ የሚዋሸው። "ጋሼ፣ በለው! ቤት ተገኘ! ሁለት ክፍል፣ ንጹሕ፣ ትምህርት ቤቱ ከግቢው ጀርባ ነው። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት፣ ልጆቹ አስፋልት አይሻገሩም። ሌላ ሰው ሊይዘው ነው፤ አከራይዋ እዚሁ አጠገቤ ናቸው፣ አሁኑኑ አናግራቸው!"

ደግፌ ቀና አለ። ሦስቱ ልጆች የልብስ ማዳበሪያው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከአንድ ሳህን ቆሎ ይበላሉ። ውድነሽ ስልኩን ሰምታ ከማድቤት እየሮጠች ገባች፣ እጇ ሳሙና እንደሆነ በሩ ላይ ቆመች። ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

የሴትዮዋ ድምፅ መጣ። ክፉ ድምፅ አይደለም፣ የእናት ድምፅ ነው። "እንደምን ነህ ልጄ? ደላላው ጨዋ ሰው ነው ብሎኛል። እንደው አንዲት ነገር ልጠይቅህ እንጂ ቤቱስ ያንተ ነው። ስንት ልጅ አላችሁ?"

"ሦስት ልል አፌን ከፍቼ ነበር" አለኝ ደግፌ። "በማርያም፣ ከፍቼ ነበር።"

እኔ አምነዋለሁ። ግን ሦስት ቀን ነው የቀረው። የከተማው በር ሁሉ ተንኳኩቶ አልቋል። ትምህርት ቤቱ ከግቢው ጀርባ ነው።

"ሁለት" አለ። "ሁለት ናቸው እትዬ። ጨዋ ልጆች ናቸው።"

"ተመስገን! ነገ ጠዋት ኑና ቁልፉን ውሰዱ" አሉት። ደላላው ከኋላ "እንኳን ደስ ያለህ ጋሼ!" ብሎ ጮኸ። ውድነሽ አማተበችና እዚያው በሩ ሥር ቁጭ አለች።

ስልኩን ዘጋ። ልጆቹ ቆሎውን መብላት ትተዋል። ሕሊና ሳህኑን ታያለች፣ ናሆም ሕሊናን ያያል። ማራኪ ግን ክፍል ውስጥ እንዳለች ተማሪ እጇን አወጣች።

"አባዬ፣ እኔ አለሁበት?"