ዘበኛውማ ለምርቃት ነው!

እኛ ሰዎች ገነትን በር ከፍተው “ግቡ” ቢሉን እንኳ፣ “ምርቃትስ የለውም?” ሳንል እግራችንን የምናነሳ አይመስለኝም! “እኔ እንደዚያ አይደለሁም” የምትል አንባቢ ካለህ... ባለፈው ሮቤ ገበያ ድንች ስትገዛ “እቴ፣ ሁለት ፍሬ ጣል አድርጊበት እንጂ!” እያልክ ስትሟገት ያየሁህ አንተ አይደለህም? አየህ! እንግዲህ ዛሬ የማወጋህ ይኸው የምርቃት አባዜያችን አንድን መንግሥት እንዴት እንዳፈረሰው ነው። ኧረ አትደንግጥ! የፕላስቲክ መንግሥት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። እሳት የሚተፋ ዘንዶ፣ ካባው መሬት የሚጠርግ ንጉሥ፣ ፀጉሯ ተረከዟን የሚነካ ንግሥት፣ ፂሙን እንደ ጋቢ የሚያጣፋ ጠንቋይ ያለበት የፈረንጅ ፊልም መጣልን። እኔም ከጎረምሳ ጋር እየተጋፋሁ ደጋግሜ አየሁት። ብዙም ሳይቆይ ከመናኸሪያው ጀርባ ስኳር፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ የሚሸጡት ሐጂ ቃዲር የፊልሙን አሻንጉሊቶች ከአንድ የአዲስ አበባ አስመጪ በካርቶን አመጡ። የስንዝር ቁመት፣ የሚታጠፍ ክንድ፣ የማይለቅ ቀለም... አይ ውበት! ጎልማሳ የቢሮ ሠራተኛ መሆኔን ረስቼ ንጉሡን አንስቼ ከፈልኩ።

“ምርቃትስ ሐጂ?”

ሐጂ እጃቸውን ካርቶኑ ውስጥ ሰደዱና አንድ ጎባጣ ዘበኛ አወጡልኝ። በአንድ እጁ ፋኖስ፣ በሌላው ቁልፍ ይዟል። ፊልሙ ላይ የሚታየው ለቅጽበት ነው። በሩን ይከፍታል፣ መልሶ ሳይዘጋው ዘንዶው ይውጠዋል። አለቀ!

“ዘበኛ ምን ያደርግልኛል? ይልቅ ስኳር ጣል ያድርጉበት” ብዬ መለስኩላቸው። በኋላ ደመወዝ በወጣ ቁጥር ዘንዶውን፣ ጠንቋዩን፣ ፈረሱን ስገዛም ሐጂ ዘበኛ ያወጣሉ፣ እኔ ስኳር እላለሁ። ከኋላዬ የተሰለፈውም ሰው እኔን እያየ “እኔም ስኳር” ይላል።

ባለቤቴ አስቴር መጀመሪያ ላይ ሳቀች። የቡፌው የላይኛው መደርደሪያ ሲያዝ ግን ሳቋ ቀረ። እዚያ ላይ የተቀመጡት የሠርጓ ብርጭቆዎች ናቸዋ!

“ዘንዶህ ብርጭቆዬን እየገፋብኝ ነው” አለችኝ።

“ሲሟላ ያምርልሻል።”

“እሺ። ለመስቀል እህቴ ከአጋርፋ ትመጣለች። እስከዚያ ከተሟላ ይቀመጥልህ። ካልተሟላ ንጉሥህን ከነፈረሱ አልጋ ሥር ነው የምወረውረው! እኔ ጎዶሎ ነገር እንግዳ ፊት አላቀርብም።”

አስቴር ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። ደግነቱ የቀረችኝ ንግሥቲቱ ብቻ ነበረች። (ይህችን “ብቻ” ያዝልኝ።) በማግሥቱ እየበረርኩ ሐጂ ሱቅ ደረስኩ።

“ንግሥቲቱን ይስጡኝ።”

“ቀረ።”

“ምኑ?”

“ሁሉም። ከእንግዲህ አይመጣም።”

“ለምን?”

ሐጂ ሙስባሃቸውን እየቆጠሩ ትክ ብለው አዩኝ። “ለምን እንደቀረ አላህ ያውቃል። አንተም ታውቃለህ” አሉኝ። የኋለኛዋ አባባል ያኔ አልገባችኝም።

መቼም የሮቤ ሰው ምክንያት አያጣም። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት “ንጉሡን ሆኖ የሠራው አክተር፣ ‘ፊቴን ሸጣችሁ በላችሁ’ ብሎ ከሷቸው ነው” አለ። ቢሮ ሳነሳው አለቃችን “ቢፒአር ነው!” ብሎ ደመደመ። በዚያ ሰሞን ዝናብ ቢዘገይም ምክንያቱ ይኸው ቢፒአር የተባለው የመሥሪያ ቤት ለውጥ ነበር። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ግራ ቀኙን ከቃኘ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ንጉሥ በየቤቱ ሲበዛ ዝም የሚባል ይመስልሃል?” አለኝ። ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ንጉሡን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ምን ይታወቃል!

አንዲት ንግሥት ጎባ እንዳለች የነገሩኝም ሐጂ ናቸው። ጋሼ ሙሉጌታ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር፣ እንደ እኔው በዚህ በሽታ የተለከፉ፣ ቀድመውኝ ገዝተዋታል። ስልካቸውን ተቀብዬ ደወልኩ።

“ጋሼ፣ እባክዎ ንግሥቲቱን ይሽጡልኝ።”

“አንተ ንጉሡን ሽጥልኛ! እኔም የጎደለኝ እሱ ነው።”

“ንጉሥማ አይሸጥም።”

“ታዲያ ልጅ ይሸጣል እንዴ?” ብለው ጆሮዬ ላይ ጠረቀሙት።

ለሐጂ ስነግራቸው አልተደናገጡም። “የማትሸጥ ልጅ ትጠየቃለች። ሽማግሌ ላክ!” አሉኝ። ቀልዳቸውን መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ያን ጊዜውኑ ራሳቸውን አንደኛ ሽማግሌ አድርገው ሾሙ፤ ሁለተኛውን ከገሰራ ጠሩ። ኦቦ አማን ይባላሉ። ገበሬ ናቸው፤ ለሽምግልና ተቀምጠው ባዶ እጃቸውን የተመለሱበት ቀን የለም እየተባለ የሚወራላቸው የተከበሩ ሰው። ሐጂ ለእሳቸው ያሉት “ጎባ አንዲት ልጅ የምትጠየቅ አለች” ብቻ ነው። ፕላስቲክ የምትለዋን ቃል እኔ ሐጂ ይናገሯታል ብዬ፣ ሐጂ ደግሞ እሱ ይናገራታል ብለው... ሳትነገር ሚኒባስ ተሳፈርን።

ኦቦ አማን አዲስ ጋቢ ደርበው፣ ለሼክ ሁሴን የዝያራ ጉዞ ብቻ የሚያወጧትን ባላ ዱላ ይዘው ነበር የመጡት። መንገዱን ሙሉ ለሙሽራው እንዳደርስላቸው ስለ ትዳር ሲመክሩኝ እኔ በመስኮት የገብሱን ማሳ አያለሁ። ምን ዓይኔ ያያቸዋል?

ጋሼ ሙሉጌታ በር ላይ ተቀበሉን። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ቅቤ ውስጥ የሚዋኝ የገብስ ጭኮ አቅርበው ጠበቁን። ኦቦ አማን ግን አልተቀመጡም።

“አካም ጅርቱ? ቤቱ ሰላም ነው? ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሰላም ነው?” ብለው ሰላምታውን ከጨረሱ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እኛ የመጣነው ዝምድና ፈልገን ነው። እናንተ ቤት ሴት ልጅ አለች። እኛ ቤት ወንድ ልጅ አለ። ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ነው።”

ጋሼ ሙሉጌታ አንዴ እኔን አንዴ ሐጂን አዩና ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ሰውዬው የሚቀልድላቸው አጥተው የኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ኮስተር ብለው ተደላደሉ።

“ልጁ ሥራው ምንድነው?”

ኦቦ አማን ወደ እኔ ዞሩ። “ንጉሥ ነው” አልኩ ቀስ ብዬ።

“ንጉሥ የሚባል ልጅ ነው” ሲሉ ኦቦ አማን አስተካከሉልኝ።

“ይጠጣል?”

“ጠብታ ቀምሶ አያውቅም።”

“ነገረኛስ ነው?”

“ከገዛሁት... ከማውቀው ጊዜ ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣውም!”

“ወላሂ፣ እንዲህ ያለ አማች ለእኔም በተገኘ!” አሉ ኦቦ አማን። “በሉ እንግዲህ፣ ልጅቱን እንያት።”

ጋሼ ሙሉጌታ ጓዳ ገብተው በነጭ ነጠላ የተሸፈነች ነገር በሁለት እጃቸው አቅፈው ወጡ። ቀስ ብለው ገለጡላቸው። ኦቦ አማን ዓይናቸው ትንሽ ደከም ያለ ነው። ጎንበስ አሉና በድንጋጤ ቀና አሉ።

“ይህችማ ገና ጨቅላ ናት! ያለ ዕድሜ ጋብቻ ክልክል ነው ተብሎ ቀበሌ ሰብስቦ ነግሮናል! ለዚህማ እኔ ሽማግሌ አልሆንም!”

“ኦቦ፣ እስቲ ይንኳት” አሉ ሐጂ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ።

ነኳት። በጥፍራቸው አንኳኳት። ቀጭ፣ ቀጭ አለች።

“ኩን መሊ? ይሄ ምንድነው?”

“ፕላስቲክ” አልኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

“ሙሽራውስ?”

“እሱም... ፕላስቲክ ነው።”

ኦቦ አማን ዱላቸውን ብድግ አደረጉ። በእኔ ላይ መስሎኝ ሶፋው ጀርባ ገባሁ። እሳቸው ግን በቀጥታ ወደ በሩ ሄዱ፤ እጀታውን ይዘው ቆሙ... አሰቡ... ተመልሰው መጡና ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

“አሁን ባዶ እጄን ብወጣ ገሰራ ምን ይላል? ‘አማንን ፕላስቲክ ነሱት’ ሊባል ነው? እንቢ! ልጅቱን ካልሰጣችሁን ከዚህ ቤት እህል አልቀምስም!”

ጭኮው እንደቀረበ ቀረ። ቅቤው መርጋት ጀመረ። የጎባን ብርድ ታውቀዋለህ። ጋሼ ሙሉጌታ “ንጉሡን ያላገኘሁት እኔ፣ ጭራሽ ንግሥቲቱንም...” እያሉ ሲያንገራግሩ እትዬ ጥሩወርቅ ብድግ አሉ።

“አንተ ሙሉጌታ! እንግዳ ጭኮዬን ሳይቀምስ ከቤቴ ሊወጣ ነው? ስጣቸው!”

“ጥሩዬ፣ እስቲ ተረጋጊ...”

“ስጣቸው አልኩ!”

ሰጡን። ሲሰጡን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እውነቴን ነው የምልህ፣ አሳዘኑኝ። ግን ሐዘኔ ንግሥቲቱን ኮት ኪሴ ውስጥ ከመክተት አላገደኝም። ኦቦ አማንም በድል አድራጊነት ጭኮውን ጠርገው በሉ።

ሮቤ ስንመለስ ሐጂ ለኦቦ አማን ድካም ብለው ስኳር ሰፈሩላቸው። ከዚያም ጎንበስ ብለው ከባንኮኒው ሥር አንድ አቧራ የጠጣ ዘበኛ አወጡ። “የመጨረሻው ነው። ምርቃት!” ኦቦ አማን እንደ መጠራጠር ሲሉ ቸርነቴ አየለብኝ።

“ይውሰዱት እንጂ ኦቦ! ለልጅ ልጅ መጫወቻ ይሆናል!”

ወሰዱት። እኔም እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ፤ ንግሥቲቱን ከንጉሡ ጎን አቆምኳትና “ተሟላ!” ብዬ አወጅኩ። አስቴር የንጉሡን ማሸጊያ ከመሳቢያ አወጣች። ከጀርባው የሁሉም ሥዕል ተደርድሮበታል። በጣቷ እየነካች ታመሳክር ጀመር።

“ንጉሥ አለ። ንግሥት አለች። ዘንዶ፣ ጠንቋይ፣ ፈረስ... ይሄ ጎባጣው ማነው?”

“እሱማ ዘበኛው ነው። እሱማ... ለምርቃት ነው!”

“ሥዕሉ ላይ አለ። ቡፌው ላይ የለም። ጎዶሎ ነው።”

ጫማዬን አጥልቄ መሮጥ! ሐጂ ሱቃቸውን ሊዘጉ ሲሉ ደረስኩባቸው።

“ሐጂ፣ ዘበኛ... አንድ ዘበኛ!”

ሐጂ ሙስባሃቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። “ለምን ቀረ ትለኝ አልነበር? እንግዲያው ስማ! ካርቶኑ ሲከፈት ውስጡ አንድ ንጉሥ፣ አንዲት ንግሥት፣ አንድ ዘንዶ፣ አንድ ጠንቋይ፣ አንድ ፈረስ፣ ሌላው በሙሉ ዘበኛ ነው። ንጉሡን ትሻማላችሁ። ዘበኛውን ማን ይውሰድልኝ? ምርቃት ብዬ ብሰጥ አንተ ‘ስኳር’ አልክ። አንተን አይቶ ሀገሩ ሁሉ ‘ስኳር’ አለ። ስኳሬ አለቀ፣ ዘበኛው ተረፈ! ጭራሽ ሲሰለቸኝ በየመንገዱ በተንሁት። አዲስ አበባ ያለው አስመጪም መጋዘኑ ዘበኛ ብቻ ሆኖበት ‘ሁለተኛ አልነካውም’ አለ። ሁሉ ንጉሥ ፈላጊ ከሆነ ነገሩ በምን ይቀጥል?”

በማግሥቱ ከተማውን አሰስኩ። የባጃጁ መስታወት ሥር የተለጠፈው ዘበኛ አንገት የለውም። ልኳንዳ ቤቱ ያለው ፋኖሱን ከነእጁ አጥቷል። ሻይ ቤቱ ያለው ከምድጃው አጠገብ ቀልጦ ከነቁልፉ ተኝቷል። ጤነኛው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በገዛ አፌ “ይውሰዱት” ብዬ የሸኘሁት። ምን ምርጫ አለኝ? ገሰራ ደወልኩ።

“ኦቦ አማን፣ ያ ዘበኛ እንዴት ነው?”

“አልሐምዱሊላህ! ጎተራው በር ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ወዲህ አይጥ ድርሽ አላለም።”

“እባክዎ ይስጡኝ ኦቦ። መስቀል ደረሰብኝ፣ ሚስቴ...”

“ሥራውን የሚሠራ ዘበኛ እንዲሁ ከበር ይነሳል?” አሉ። ሳቃቸውን ሲያፍኑ ተሰማኝ። “ወጉን ከእኔ ጋር ሄደህ አይተኸዋል። ሽማግሌ ላክ!”

ሐጂ “እኔ አንድ” አሉ። ሁለተኛው በዕድሜ የገፋ፣ የተከበረ፣ ነገሩም የገባው ሰው መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ከጎባው ጋሼ ሙሉጌታ ሌላ ከየት ይመጣል? እየፈራሁ ደወልኩላቸው። የሚገርምህ፣ ቂም አልያዙብኝም።

“ሽምግልና? በደስታ ነዋ!” አሉኝ። “እስከ ገሰራ ድረስ ለአንተ ብዬ እሄዳለሁ። ኦቦ አማንንም አሳምናቸዋለሁ። ትንሽ ምርቃት ብቻ ትጨምርልኛለህ።”

“ምን ገዶኝ ጋሼ! ስኳር ላድርግልዎ?”

“ስኳርስ ሐኪም ከልክሎኛል” አሉ ረጋ ብለው። “ንጉሡን ጣል አድርግበት።”